ዓሣው የሚሸከመው ገንዲ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በእስጢፋኖስ ገዳም ስሙ በሚታወቀው ሐይቅ፣ ዓሣ አስጋሪው ከመረቡ የሚያወጣው ቆሮሶ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰው ያስገባው ዝርያ ነው። ቅርፊቱ ያብረቀርቃል፤ ጤነኛም ይመስላል። ደሙስ?

ከብት አርቢው ገንዲ የሚለውን በሽታ የሚያመጡት ትሪፓኖሶም የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው። ይሁንና ሳይንስ ይህን ወገን መጀመሪያ ያየው በከብት ሳይሆን በዓሣ ደም ውስጥ ነበር፤ ይኸውም ቫለንቲን እ.ኤ.አ. በ1841 በትራውት ደም ያየው ነው። የአፍሪካ ዓሦችም የራሳቸው አላቸው፤ ከኡጋንዳ የተገኘውን ሆር በ1932 ገልጾታል። የሚያስተላልፈው ዝንብ ሳይሆን አልቅት ነው። አልቅቱ ከታመመው ዓሣ ደም ሲመጥ ተውሳኩ ወደ ሆዱ ይገባል፤ በዚያም ይራባል፤ አልቅቱ ሌላ ዓሣ ሲነክስ ይሻገራል።

እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚያስደንቀን አዋዋኙ ነው። ርዝመቱ በአሥር ሚሊዮንኛ ሳይሆን በአሥር ሺኛ የሜትር ክፍልፋዮች ሊለካ ጥቂት ይቀረዋል፤ ማይክሮስኮፕ በብርሃን የሚለየው ወሰን 0.2 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ በትምህርት ቤት መሣሪያ 400 ጊዜ አጉልተን በትኩስ ደም ጠብታ ውስጥ ሲገላበጥ እናየዋለን። ለእርሱ ውሃ እንደ ማር የወፈረ ነው፤ መቅዘፉን ባቆመበት ቅጽበት ባለበት ይቆማል። ግን እንጠንቀቅ! የዓሣ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ እኛ ሳይሆን ኒውክሊየስ አለው፤ ጀማሪ ተማሪ ያንን ተውሳክ ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

ይህ የዓሣ ትሪፓኖሶም ሰውን አይዝም። ዓሣውን ግን ሲበዛበት ደም ያሳንሰዋል። የዓሣ ጫጩት ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ሲጓጓዝ ደሙም አብሮ ይጓዛልና፣ ከጉዞው በፊት አንድ ጠብታ መመርመር፣ በክንፉ ሥር የተጣበቀ አልቅት መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል።