«ካምቢዮው አለቀለት!» ከማለት በፊት

የቆየች ስፖርት መኪና ማርሿ ሲከብድ ፍርዱ ፈጥኖ ይመጣል፤ «ካምቢዮው አለቀለት!» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከካምቢዮው ውጭ ነው፤ የት እንዳለም ራሱ ማርሹ ይናገራል። ለምሳሌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን እንውሰድ። ይህች ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ለሕዝብ የታየችው በ1989 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትውልዷ እስከ 1997 ተመርቷል። የማርሽ መቀየሪያዋ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የተተከለ ስለሆነ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ እጅ ይሰማዋል።

ተረት፦ ማርሽ ከከበደ ካምቢዮው መፈታት አለበት።

እውነታው፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን አንድ በአንድ ያስገቡ። ሞተር ጠፍቶ ቀለል ብለው እየገቡ ሞተር ሲነሳ የሚከብዱ ከሆነ፣ ተጠርጣሪው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ሞተሩንና ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ አያለያይም። ለማረጋገጥ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁና የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ከጮኸ ጥርጣሬው ልክ ነው። በዚህች መኪና ላይ ካምቢዮው ጎን ያለው የፍሪሲዮን ታችኛው ፖምፓ ዘይት ማፍሰሱ የታወቀ ሕመም ነው። የጎማ ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ውስጡ እርጥብ መሆኑን ይዩ። ፍሪሲዮኑ የሚሠራበት የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየጊዜው መቀየር አለበት።

ተረት፦ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ካለ ተበላሽቷል ማለት ነው።

እውነታው፦ ሁለተኛ ማርሽ በብርድ መክበዱ የዚህች መኪና የቆየ ጠባይ ነው። ማርሽ ሲቀየር የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ቀለበት ነው። ቀለበቱ የሚሠራው በመፋተግ ነው፤ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ቶሎ ገፍቶ መያዝ አይችልም። ቆሞ ሞተር ማሞቅ ለካምቢዮው ብዙም አይረዳውም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝግታ መንዳት ይሻላል። ከሞቀ በኋላም የሚጮህ ከሆነ ግን ቀለበቱ ተበልቷል።

ተረት፦ ወፍራም ዘይት ያረጀ ካምቢዮን ያድሳል።

እውነታው፦ ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍን ይሆናል እንጂ የቀለበቱን ሥራ ያከብደዋል። ለዚህች መኪና 75ደብሊው-90 የካምቢዮ ዘይት፣ 2 ሊትር ገደማ ይበቃታል። «ጂኤል-5 ከጂኤል-4 ይበልጣል» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም። ጂኤል-5 ከባድ ጫና ላለበት ለዲፈረንሻል ጥርስ የታሰበ ስለሆነ ኬሚካሉ ይበዛል፤ አንዳንዱ የነሐስ ቀለበቶችን ሊጎዳ ይችላል። ዳኛው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ዘይት ሲቀይሩ መሙያውን ብሎን አስቀድመው ይፍቱ፤ ማፍሰሻውን ከፍተው መሙያው እምቢ ቢል መኪናው ባዶውን ይቆማል።

ተረት፦ የካምቢዮ ዘይት ከተቀየረ ሁሉም ታድሷል።

እውነታው፦ ብዙዎች የሚዘነጉት እዚህ ነው። ከማርሽ መቀየሪያው ሥር የራሱ ዘይት ያለው ትንሽ ጎድጓዳ ቤት አለ፤ የሚይዘው አንድ የቡና ሲኒ ያህል ዘይት ብቻ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሲፈስ ይህኛው አብሮ አይወጣም፤ ለዓመታት ደርቆ ወይም ጠቁሮ ይቀራል። ከላዩ ያለው ጎማ ሲቀደድ ሙቀትና ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመቀየሪያው ታችኛው ጫፍ ያለችው የፕላስቲክ ቆብም ትበላለች። ሞተር ጠፍቶም ማርሹ የሚከብድ ወይም የሚንገጫገጭ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ነው። መሐል ያለው ሽፋንና ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ፤ አሮጌው ዘይት ተመጦ ይወጣል፣ ጎማውና ቆቡ ይቀየራሉ፣ አዲስ ዘይት ይጨመራል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ተረት፦ እምቢ ካለ በጉልበት ነው።

እውነታው፦ ጉልበት ቀለበቱን ይበላል። ድሮ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲንክሮናይዘር በሌለው ካምቢዮ ዳገትና ቁልቁለቱን የተወጡት በዘዴ ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጠው ዜሮ ያደርጋሉ፣ ይለቃሉ፣ ወደ ታች ሲቀይሩ ነዳጅ ነካ ያደርጋሉ፣ እንደገና ረግጠው ያስገባሉ። ቀለበቱ ለደከመ ካምቢዮም ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል።

ካምቢዮ የሚፈታበት ጊዜም አለ፤ ማርሽ በራሱ ተፈናጥሮ ሲወጣ፣ ሞቆም አንዱ ማርሽ ሁልጊዜ ሲጮህ፣ ወይም በማፍሰሻው ብሎን ላይ የብረት ስባሪ ሲገኝ። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ግን የዕድሜ ነው፤ አያስደነግጥም።

ስለዚህ ጋራዥ ሲሄዱ «ማርሹ ከብዷል» ብለው አያቁሙ። የትኛው ማርሽ? በብርድ ወይስ በሙቀት? ሞተር ጠፍቶ ወይስ እየሠራ? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው መካኒኩ ክሪክ ሳያነሳ ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል።