ራሱን የሚያመው ተማሪና የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና መምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው ከተመሠረተ ወዲህ፣ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተመደቡ ወጣቶች በየዓመቱ ወደዚህች የጣና ዳር ከተማ ይመጣሉ። ለብዙዎቹ ከወላጅ ሲለዩ የመጀመሪያቸው ነው። የትምህርቱ ክብደት፣ የገንዘብ እጥረትና ከአገር ቤት የሚሰማ የግጭት ወሬ ይደራረብባቸዋል።

ይሁን እንጂ ተማሪው ክሊኒክ ሲመጣ «ተጨንቄአለሁ» አይልም፤ «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል» ይላል። ማስታገሻ ወስዶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ስለዚህ አካላዊ ምርመራው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሕመም ለሚደጋገምበት ተማሪ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውን 20 የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» ጥያቄዎች ማቅረብ ይጠቅማል። ጥያቄዎቹ ባለፉት 30 ቀናት ስለነበረ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ አለመመቸትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃሉ። ውጤቱ ጠቋሚ እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርም። ሐሳቡ ያለበት ተማሪ ግን ብቻውን ሳይተው፣ በዕለቱ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላክ። ሌላው ወደ ምክር አገልግሎት ይመራ። ምክር ማለት መገሠጽ ወይም «በርታ» ብሎ መሸኘት ሳይሆን፣ በቀጠሮና በሩ በተዘጋ ክፍል ተማሪው ችግሩን ዘርዝሮ መፍትሔውን እንዲያገኝ መርዳት ነው። ምስጢሩ እንደሚጠበቅ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ለሌላ ሊነገር እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ማግባባት እንጂ መንቀፍ አይገባም።

ለሦስተኛ ጊዜ ለራስ ምታት የመጣ ተማሪ ሲያጋጥመን፣ ከማስታገሻው በፊት «ኑሮና ትምህርት እንዴት ይዞሃል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ታግሠን እንስማ።