«ተጠየቅ»፤ የሚያስቈጣ ጥያቄና ልጓሙ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ እንግዳውን እየተፈታተነ፣ አንዳንድ ጊዜም እያስቈጣ የሚጠይቅ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠያቂ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው ነው። እንዲህ ያለው ጠባይ ከውጭ አገር የመጣ ይመስላል። ነገር ግን በደምበጫ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የቀድሞውን የሙግት ወግ ከአባቶቹ የሰማ ሰው፣ ባለጋራን በጥያቄ ማፋጠጥ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል። የወጉም ስም «ተጠየቅ» ወይም «በላ ልበልሃ» ይባላል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ባለጉዳዮቹ በዳኛው ፊት፣ ብዙ ጊዜም በዛፍ ጥላ ሥር፣ አደግድገው ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ!» ይላል። ከዚህ በኋላ ጠያቂው ቤት በሚመታ ቃል ነገሩን ይከፍታል፤ በትሩን እየሰበቀ፣ ወደ ፊት ራመድ እያለ፣ ባለጋራውን ማምለጫ በሚያሳጣ ጥያቄ ይይዘዋል። ማስቈጣቱም ለከንቱ አልነበረም፤ የተቈጣ ሰው አሰናድቶ የመጣውን ቃል ይረሳና የሸሸገውን ያወጣልና።

ይሁን እንጂ ጠያቂው ሦስት ልጓም ነበረበት። አንደኛ፣ ዋስ ይጠራል። ሁለተኛ፣ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል፤ ቢረታ ይከፍላል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ተራው ሲደርስ እርሱም «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» እንደሚባለው፣ ከሁለቱም በላይ ሕግ ነበረ።

ወጉ ነቀፋ የለበትም አንልም። አንደበተ ርቱዕ የሆነው እውነት የያዘውን ሊረታ ይችል ነበር፤ የውርርዱም ገቢ ለዳኛው መሆኑ ለፍርድ አይበጅም ነበር። በኋላ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 137 መሪ ጥያቄን በዋናው ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ከለከለ፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ግን ፈቀደ። እንግዲህ አዲሱም ሕግ ብርቱውን ጥያቄ አልጣለውም፤ ቦታ ወሰነለት እንጂ።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ ከተማ ጆ ፓይን የተባለ አሜሪካዊ እንግዶቹን በመስደብና ከመድረክ በማባረር ታወቀ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. ጄረሚ ፓክስማን የቀድሞውን የአገር ውስጥ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን አንዲቱን ጥያቄ ከአሥር ጊዜ በላይ መላልሶ ጠየቃቸው። ሁለቱም አስቈጥተዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ፓይን ሰውየውን ሲመታ ነገሩ ይጠፋ ነበር፤ ፓክስማን ግን ነገሩን አልለቀቀም። ሚኒስትሩ በሥልጣናቸው ስለ ሠሩት ሥራ መጠየቃቸው ለሕዝብ ይጠቅማልና።

ስለዚህ አድማጭ የሆነ ሰው ሦስት ነገር ይመርምር እንላለን። ጥያቄው በነገሩ ላይ ነው ወይስ በሰውየው ክብር ላይ? ተጠያቂው የሚመልስበት ጊዜ አግኝቷልን? ጠያቂውስ ስለ ተናገረው ነገር በተራው የሚጠየቅበት ቦታ አለን? የሦስተኛው መልስ «የለም» ከሆነ፣ ያ ሰው ከአባቶቻችን ወግ ግማሹን ብቻ ይዟል።

ወጉን ያዩ ሽማግሌዎች እያለፉ ናቸው። ከጎጃም የመጡ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ከቀሩት ጠይቀው ቢጽፉ፣ ለሕግም ለጋዜጠኝነትም ትምህርት የሚበጅ ሥራ ይሆናል።