የጣና ጀልባና ወደብ ላይ የሚጠብቀው አስጎብኚ

ከፈረስ ቤት ወደ ደምበጫ ወርዶ፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን አልፎ ባሕር ዳር የገባ የደጋ ዳሞት ሰው ጣናን ቆሞ ሲያይ አጠገቡ የሚደርስ ወጣት አይጠፋም። «ያ የሚታየው ክብራን ገብርኤል ነው፤ ጀልባ አለን፣ ዘጌም እናደርሳለን» ይለዋል። ሰውየው ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይስማማል፣ ይሳፈራል። ውኃው ላይ ያለው ጉዞ ብዙ ጊዜ ደስ ይላል፤ ጉማሬው፣ ታንኳው፣ ነፋሱ ለማንም አያንስም። ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከጀልባ ወርደው በእግር የሚሄዱባት ያቺ አንድ ሰዓት ናት። እሷ ደግሞ ያለችው በአስጎብኚው እጅ ነው።

የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ሐይቁ ራሱ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ አይችልም፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ የቆየው ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሣል። ስለዚህ የጀልባ ሰዎች ማለዳ መነሣት፣ በጊዜ መመለስ ይወዳሉ። ሁሉም ማለዳ ከተነሣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ወደብ ይደርሳል፤ አምስት ጀልባ ሰው አንድ መቅደስ ዙሪያ ይጋፋል፤ አስጎብኚውም ድምፁን ከፍ፣ ነገሩን አጠር ያደርጋል። ለችኮላው ሌላም ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ይዘው በተነሡበት ዘመን የተቀየሰው ታሪካዊ መስመር ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ያያይዛል። እንግዳው ባሕር ዳር ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ጣና ከዚያ ውስጥ የደረሰው ድርሻ ግማሽ ቀን ሆነና የአስጎብኚውም ንግግር በግማሽ ቀን ተለክቶ ተሰፋ።

በሐይቁ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዞ አለ። አንደኛው የትልቁ መርከብ ነው፤ ሕዝብና እህል ጭኖ በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ ድረስ ሲመላለስ የኖረው። «ጣና ነሽ» የሚለውን ስም የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ «ጣና ነሽ ሁለት» ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ወራት በፈጀ የየብስ ጉዞ ወደ ሐይቁ መጥታለች። ሁለተኛው የጉብኝቱ ትንሽ ጀልባ ነው፤ ከኋላው ሞተር፣ ከላዩ ጥላ ያለው፣ ላይፍ ጃኬት የሚታደልበት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ክብራንና እንጦስን በግማሽ ሰዓት ከፍ ባለ ጊዜ፣ ዘጌን በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ጣና ቂርቆስንና ዳጋ እስጢፋኖስን ከሁለት ሰዓት በላይ ሄዶ ይደርሳል። የጽሑፋችን ጉዳይ ይኸኛው ነው።

በዋጋ ከሚጣሉት መንገደኞች ብዙዎቹ «ሁሉንም ከፍያለሁ» ብለው የተሳፈሩ ናቸው። የጣና ጉብኝት ግን አራት የተለያዩ ወገኖች የሚሸጧቸው አራት ነገሮች ናቸው። ሆቴል በር ላይ ወይም ሐይቁ ዳር የሚያገናኘው ደላላ ከኪራዩ ላይ የራሱን ይቆርሳል። የጀልባው ባለቤት ለነዳጅ፣ ለነጂውና ለጥበቃው ይቀበላል፤ ኪራዩም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ብቻውን የመጣ ሰው ዋጋው አናቱ ላይ ይወጣል። ዘጌ ላይ ሲወርዱ የአካባቢ አስጎብኚዎች በተራቸው ይጠብቃሉ፤ የእነሱ ክፍያ ለብቻ ነው። ገዳሙ ደግሞ መግቢያውን ራሱ ይቀበላል፤ ሁለት ገዳም ያየ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ያየ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። በመጨረሻ የጉርሻ ነገር አለ። አንዳቸውም አላታለሉም ይሆናል፤ ነገር ግን አራቱን ጨምሮ በአንድ አፍ የሚናገር ሰው ስለሌለ እንግዳው አራት ጊዜ ኪሱ ሲገባ አራት ጊዜ የተዘረፈ ይመስለዋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር አሳፍሮ፣ ደርሶ መልሱን በአንድ ሽልንግ ሲሸጥ ከዚህ ችግር መውጫ የሚሆን ነገር አሳይቷል፦ አንድ ዋጋ፣ አንድ ተጠያቂ።

አንድ ጊዜ አክስቴን ከፈረስ ቤት አምጥቼ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወስጃት ነበር። ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ በቡና ጥላ ሥር የሚሄድ የድንጋይ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ከደንገል የተሠሩ የታንኳ ምስሎች፣ የብራና ሥዕሎችና መቁጠሪያዎች ተዘርግተዋል። አስጎብኚያችን ንቁ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማችንን አውልቀን እንደገባን በቀጭን ዘንግ ሥዕሎቹን እየጠቆመ ጀመረ።

«እማማ፣ ይሄ በላዔ ሰብእ ነው። ሰው ይበላ የነበረ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ሰባ ስምንት ነፍስ ነው የበላ። በጥርኝ ውኃ ዳነ። እመቤታችን ጥላዋን ሚዛኑ ላይ አሳርፋለት ነው» አለችው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስታከብር የኖረች ሴት ናትና ከሥዕሉ በፊት ታሪኩን ታውቀዋለች። «እኔስ የምጠይቅህ፣ ይኼ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ጨርቅ ነው ወይስ ራሱ ግድግዳው?»

ልጁ ቆም አለ። ጥያቄው በያዘው ንግግር ውስጥ አልነበረም። «ጨርቅ ነው» ያሉት አጠገባችን የነበሩት አባ ናቸው፤ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ጠርዙ ሲላቀቅ እንዴት እንደሚታይ በጣታቸው አሳዩዋት። አክስቴ ተጠግታ፣ እጇን ሳታስነካ፣ የተላቀቀውን ጠርዝ ለረጅም ጊዜ አየች። ለእሷ የጉብኝቱ ዋና ነገር ይኸው ሆነ።

ልጁን አልወቅሰውም። ያጠናው ንግግር ለፈረንጅ የተሠራ ነው፦ ማርያም ማን ናት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለምን ፈረስ ላይ ነው፣ መቅደስና ቅድስት ምንድን ናቸው። ከደጋ ዳሞት የመጣች ሴት ይህን ሁሉ ታስተምረዋለች እንጂ ከሱ አትማረውም። እሷ የማታውቀው ሥዕሉ እንዴት እንደተሠራ፣ ማን እንደሣለው፣ መቼ እንደታደሰ ነው። እዚህ ላይ የብዙ አስጎብኚዎች ድካም ይገለጣል፤ ገዳሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ስለሚነገር የሚታየውን ሁሉ፣ ሥዕሉንም በሩንም ዘውዱንም፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። ዛሬ ግድግዳው ላይ ከሚታዩት ሥዕሎች ብዙዎቹ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ያነሱ ናቸው። ይህን መናገር ሥዕሎቹን አያረክስም።

ያው ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ሌላ ሰው ሆነ። አክስቴ ዙሪያውን አይታ «እዚህ አገር በሬ የለም?» አለችው። የለም። በዘጌ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ተብሎ መሬት አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። ገብስና ድንች ከሚታረስበት ደጋ ለመጣች ሴት ይህ ከሥዕሉ ሁሉ የሚበልጥ ተአምር ነው። «ታዲያ ምን በልተው ያድራሉ?» ልጁ ሳቀና የራሱን ቤት ነገር አወራ። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ማገዶም በታንኳ ይጫናል፤ እህል ከገበያ ተገዝቶ ይመጣል። ደኑ እስካሁን የቆመው ማረሻ ስላልገባበት መሆኑን፣ ቡና ሲለቀም ማን ከማን ጋር እንደሚተጋገዝ፣ የትኛው ጓሮ የማን እንደሆነ አንድም ሳያቋርጥ ነገረን። ዘንጉን ጥሎ በእጁ ነበር የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚን የምመዝንበት መለኪያ ይኸው ነው፤ ያጠናውን ሲጨርስ የሚያውቀውን መናገር ይችላል ወይ?

ስለ ሴቶች ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፍም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ የሚከራከርበት የለም። ቅሬታው ያለው ሥርዓቱ ላይ ሳይሆን የሚነገርበት ሰዓት ላይ ነው። ባልና ሚስት እኩል ከፍለው ዳጋ ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዘው፣ ባል የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የነዐፄ ፋሲለደስን ዐፅም ለማየት ሽቅብ ሲወጣ ሚስት ወደቡ ላይ ከጀልባ ነጂው ጋር ትቀመጣለች። ነገሩን ደላላው ያውቃል፣ ነጂው ያውቃል፣ አስጎብኚው ያውቃል። ከመነሣት በፊት ቢነገር ከክብራን አጠገብ ሴቶች የሚገቡበት እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ዘጌ አለ፤ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት፣ ራሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉባት ናርጋ ሥላሴ አለች። ዝም ማለቱ ንግድ ነው፤ መጥፎ ንግድ።

ጢስ ዓባይም እንዲሁ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፏፏቴውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ነው። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ የሄደ ሰው ያንን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን መጥለፍ ጀመሩ፤ በ2010 ደግሞ ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወሰደው። በነሐሴና በመስከረም ገደሉ ይሞላል፤ በበጋ ግን ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ክር ሊሆን ይችላል። ጥሩው አስጎብኚ «ዛሬ ውኃው ትንሽ ነው፤ ብትፈልጉ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን ድልድይ እናያለን» ይላል። መጥፎው ገደሉ ጫፍ ድረስ ወስዶ «ክረምት ብትመጡ ኖሮ» ይላል።

ይህ ሁሉ የጣና ብቻ ጣጣ አይደለም። በትላልቅ የሽርሽር መርከቦች የሚዞረው ሀብታም ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ያጉረመርማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ሲሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ ትይዛለች፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ወደብ ላይ በአንድ ጠዋት ይራገፋል። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ውድ ይከፍላል፤ አውቶቡሱ ቢዘገይ ግን መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ አስጎብኚ የወጣ በርካሽ ይጎበኛል፤ ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። ቬኒስ ሕዝቡ ሲበዛባት በ2021 ግዙፎቹን መርከቦች ከመሐል ከተማዋ ውኃ አስወጥታለች። የጣና ጀልባ በዚህ ይሻላል፤ አምስት ሰው ይዞ መጥቶ አራቱን ብቻ አይመልስም።

እኛ አገር ለአንድ ዋጋና ለአንድ ተጠያቂ መልስ ያገኙለት የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት ናቸው ብዬ አምናለሁ። አውቶቡሱ፣ ጀልባው፣ ምግቡና ማደሪያው በአንድ ክፍያ ይታሰባል፤ ስም የሚጠራ፣ ሰው የሚቆጥር አስተባባሪ አለ። ጣና ቂርቆስ ሲሄዱ አድረው፣ አስቀድሰው ነው የሚመለሱት፤ ታቦተ ጽዮን በደሴቲቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረች የሚለውን ትውፊት የሚሰሙትም እዚያው ከሚኖሩት አባቶች አፍ ነው። ጉድለት የለባቸውም ማለቴ አይደለም፦ መጨናነቁ፣ የድምፅ ማጉያው፣ «ቶሎ በሉ» ማለቱ አለ። ሆኖም አንድ ቦታ በደንብ አይቶ መመለስን ከግማሽ ቀኑ ሩጫ አስበልጠው ይዘዋል። እኛው ጓሮ ሰከላ ውስጥ ያለችው ግሽ ዓባይም የምትጎበኘው በዚሁ ልማድ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የደረሱባት የዓባይ ምንጭ ለጎጃም ሰው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ናት፤ ሰው በጾም ሄዶ ተጠምቆ ይመለሳል፤ ከካህናቱ በቀር አስጎብኚ አይፈልግም።

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም ወረርሽኝ፣ ከ2013ቱ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን ከያዘው ግጭት በኋላ የጣና አስጎብኚ ብዙ ወራት ያለ እንግዳ ኖሯል። ወደቡ ላይ የምታገኙት ልጅ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ሥራው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ዋጋ ስትከራከሩ ይህንንም አስቡ። ጸጥታው ፈቅዶላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሳትሳፈሩ አራት ነገር ጠይቁ፦ ኪራዩ የጀልባው ነው ወይስ የሰው? የአካባቢው አስጎብኚና የገዳሙ መግቢያ በውስጡ አለ? ወርደን ስንት ሰዓት እንቆያለን? እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ክብራንና ዳጋ በመንገዱ ውስጥ አሉ? መልሱን ሰምታችሁ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።