ወንበርና መንገድ

(ድምፅ፦ የሰፊ አዳራሽ ጫጫታ። ወንበር ይጎተታል። የሰብሳቢው ደወል ደጋግሞ ይጮኻል።)

ተራኪ፦ ቬርሳይ፣ እ.ኤ.አ. 1789። ኦገስት ሊያልቅ ነው። ለንጉሡ ትርዒትና ድግስ ዕቃ ይሰናዳበት በነበረ ግቢ ውስጥ በተሠራ አዳራሽ ከ1,000 የሚበልጡ እንደራሴዎች ተቀምጠዋል። በሰገነቱ ላይ ተመልካቹ ሞልቷል፤ ለወደደው ያጨበጭባል፣ በጠላው ላይ ይጮኻል። የክርክሩ ጉዳይ አንድ ነው። ጉባኤው ያወጣውን ሕግ ንጉሡ «አላጸድቅም» ቢል፣ እምቢታው ይጸናል ወይስ አይጸናም?

እንደራሴዎቹ መጀመሪያ ላይ በፈለጉበት ነበር የሚቀመጡት። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ወደ መሰሉ ይጠጋ ጀመር። ለንጉሡና ለቤተ ክርስቲያን የሚያደሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ የንጉሡን ሥልጣን ማጥበብ የሚፈልጉት በስተግራ ተሰበሰቡ። ከመኳንንቱ ወገን የነበረው ባሮን ደ ጎቪል በማስታወሻው እንደተረከው፣ እሱ ለሐሳቡ ጌታ ሆኖ ለመኖር ሲል አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየተቀመጠ ሞክሮ ነበር። አልሆነለትም። በግራ በኩል ሲቀመጥ ድምፁን ብቻውን የሚሰጥ፣ ከሰገነቱም የሚዘባበቱበት ሰው ሆነ። በመጨረሻ ጩኸቱንና ስድቡን ሸሽቶ ወደ ቀኝ ሄደ።

በሴፕቴምበር 11 ድምፅ ተሰጠ። 673 እንደራሴዎች ንጉሡ ሕጉን ለጊዜው ያዘግይ እንጂ ጨርሶ አይሻር አሉ፤ 325ቱ ደግሞ ሙሉ የመሻር ሥልጣን ይኑረው አሉ። ጉዳዩ በዚያው አለቀ። አቀማመጡ ግን ቀረ፤ ይኸው ከ230 ዓመት በኋላ የዓለም ፖለቲካ በሙሉ የሚለካው በዚያ አዳራሽ ወንበር ነው።

ራሴን ከወግ አጥባቂዎች ወገን እቆጥራለሁ። ይህንን ዝግጅት የምሠራውም ያ መለኪያ እኛን ብቻ ሳይሆን ማንንም በትክክል እንደማይለካ ስለማምን ነው።

(ድምፅ፦ የፈረስ ጋሪ በድንጋይ መንገድ ላይ። ከሩቅ የሕዝብ ድምፅ።)

ተራኪ፦ አንትዋን ባርናቭን እንከተል። የግረኖብል ጠበቃ ነው፤ ጉባኤው ሲከፈት 28 ዓመት አልሞላውም። በአንደበቱ የታወቀ፣ ከግራው ክንፍ መሪዎች አንዱ የሆነ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1791 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከነቤተሰቡ ሲሸሽ ቫሬን ላይ ተያዘ። ወደ ፓሪስ አጅበው እንዲመልሱት ከተላኩት እንደራሴዎች አንዱ ባርናቭ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሞ ሁሉንም ያስጨነቀ ጥያቄ አነሳ፤ አብዮቱን እንፈጽመው ወይስ እንደገና እንጀምረው? ነጻነት ተገኝቷል፣ በሕግ ፊት እኩልነት ተገኝቷል፤ ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃ ወደፊት ብንሄድ የምናፈርሰው ዙፋኑን፣ ቀጥሎም የሰውን ንብረት ነው ሲል አስጠነቀቀ።

ባርናቭ በ1789 የፈለገው ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ነበር። በ1791ም የፈለገው ያንኑ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አዲሱ ምክር ቤት ሲከፈት ግን የእሱን ሐሳብ የያዙት ፈያኖች በቀኝ ወንበር ላይ ተገኙ። በግራ የተቀመጡት ጂሮንዳውያን ነበሩ። ዓመት ሳይቆይ፣ በሴፕቴምበር 1792፣ ሦስተኛው ጉባኤ ተከፈተ፤ አሁን ደግሞ ጂሮንዳውያን በቀኝ ሆኑ። በኦክቶበር 31 ቀን 1793 የጂሮንዳውያን መሪዎች በጊሎቲን ተሰየፉ። ባርናቭ በኖቬምበር 29 ተከተላቸው።

ሰውየው ከሐሳቡ ሳይነቃነቅ በአራት ዓመት ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ መሰየፊያው ደረሰ። የተንቀሳቀሰው ወንበሩ ነበር። ታዲያ «ቀኝ» የሚለው ቃል ስለ ባርናቭ ምን ነገረን? ሌሎቹ ከእሱ ምን ያህል እንደራቁ ብቻ ነው የነገረን።

(ድምፅ፦ ዝምታ፤ ከዚያ የለንደን ሰዓት ደወል።)

ተራኪ፦ ባሕሩን ተሻግረን ለንደን እንግባ። በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ከአፈ ጉባኤው በስተቀኝ የሚቀመጠው መንግሥት የያዘው ፓርቲ ነው፤ በስተግራ ተቃዋሚው። ምርጫ ያሸነፈ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ የተሸነፈ ወደ ግራ። እዚያ ወንበሩ ተራን እንጂ እምነትን አይናገርም።

የወግ አጥባቂነት አባት የሚባለው ኤድመንድ በርክ የምክር ቤት ዘመኑን አብዛኛውን ያሳለፈው በዚያ በግራ በኩል፣ በተቃዋሚው ወንበር ነበር። የደብሊን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 መንግሥቱ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ላይ እጁን ሲያከብድ ተነስቶ ከእነሱ ጋር እርቅ ይሁን አለ። የአየርላንድ ካቶሊኮች በሕግ ሲረገጡ ስለ እነሱ ተሟገተ። የሕንድን ሕዝብ በድለሃል ብሎ የቤንጋልን ጠቅላይ ገዢ ዋረን ሄስቲንግስን ፍርድ ቤት አቆመ፤ ክሱ ከ1788 እስከ 1795 ተጎትቶ ሄስቲንግስ በነጻ ተለቀቀ። ይህንን ሁሉ ያየ ሰው በርክን የት ያስቀምጠዋል? በግራ ነዋ።

ያው ሰው በኖቬምበር 1790 የፈረንሳይን አብዮት የሚያወግዝ መጽሐፍ አወጣ። ገና ንጉሡ አልተገደለም፣ ሽብሩ አልተጀመረም። እሱ ግን ነገሩ በደም እንደሚያልቅ፣ መጨረሻም ሠራዊቱን የያዘ አንድ ጄኔራል የሁሉም ጌታ እንደሚሆን ጻፈ። ወዳጆቹ ከዳን አሉ። በሜይ 6 ቀን 1791 ከ20 ዓመት በላይ ባልንጀራው ከሆነው ከቻርልስ ፎክስ ጋር በምክር ቤቱ ፊት ተለያዩ፤ ፎክስ እዚያው እንባው ወረደ።

በግራና ቀኝ መስመር ከለካነው በርክ ከግራ ወደ ቀኝ የተገለበጠ ሰው ነው። እኔ ግን ሥራውን ሳነብ አንድ ሰው ብቻ ነው የማገኘው። አሜሪካኖቹ የጠየቁት ከአባቶቻቸው የወረሱትን መብት ነው፤ ለንደን ልትነጥቃቸው አትችልም አለ። ሕንዶች ከእንግሊዝ የሚቀድም ሕግና ሃይማኖት አላቸው፤ አንድ የንግድ ኩባንያ ሊረግጠው አይችልም አለ። ፈረንሳይም ዘመናት የገነቡትን በአንድ ክረምት ልታፈርስ አይገባትም አለ። ለበርክ አገር ማለት ባሉት፣ በሞቱትና ገና በሚወለዱት መካከል ያለ ማኅበር ነው፤ ዛሬ ተራው የደረሰው ትውልድ እንደ ግል ገንዘቡ ሊበትነው አይችልም። ያንን ማኅበር የሚበትነው እጅ የንጉሥ ይሁን፣ የኩባንያ ይሁን፣ የጉባኤ ይሁን፣ በርክ ተነስቶ ይይዘው ነበር።

ይህ እምነት በመስመሩ ላይ ቦታ የለውም።

ሌሎች ቦታ ያጡም አሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1842 ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እንዲወጡ ሕግ ያሳለፈው ሎርድ አሽሊ የቶሪ፣ ማለትም የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው፣ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። በፋብሪካ ያሉ ሴቶችና ልጆች ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ለዓመታት ሲታገል፣ የተሐድሶ ሰው የሚባለው ጆን ብራይት ተቃውሞታል። በጀርመንም ለሠራተኛው የሕመም ዋስትና በ1883 በሕግ ያቆመው ወግ አጥባቂው ቢስማርክ ነው።

(ድምፅ፦ ወታደራዊ ጫማ፤ ይርቃል።)

ተራኪ፦ አሁን የሚያመኝ ቦታ ላይ ደረስን። መስመሩ ከአማካይ ቀኝ ተነስቶ «አክራሪ ቀኝ» ሲል ሂትለር ጋ ያደርሳል። ማለትም ወግ አጥባቂው ጥቂት ቢጠነክር የሚሆነው እሱን ነው። ይህንን ቃል ሳልመልስ አላልፍም።

ካርል ጎርድለር የላይፕዚግ ከንቲባ ነበር፤ የቀድሞው ዘመን ሰው፣ ወግ አጥባቂ። እ.ኤ.አ. በ1936 እሱ በሌለበት ናዚዎቹ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደውን የዜማ ደራሲ የሜንደልሶንን ሐውልት ከቦታው ነቀሉት። ጎርድለር ሲመለስ ሐውልቱ ይመለስ አለ። እምቢ ሲሉት ሥልጣኑን ለቀቀ። ኋላ በጁላይ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ሊገድሉ ከሞከሩት ጋር የተሰለፈ፣ ቢሳካ የመንግሥት መሪ እንዲሆን የታሰበ ሰው ነው፤ በፌብሩዋሪ 1945 ተሰቀለ። ሂትለር የጎርድለር ጽኑ መልክ አልነበረም፤ ተቃራኒው ነበር። የወረሰው ነገር ሁሉ ለእሱ አመድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሕጉም፣ የመኮንኑ ክብርም።

ግን ሐቁን ግማሽ አድርጌ አልናገርም። በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለርን ወደ ሥልጣን ያስገቡት ፎን ፓፐንን የመሰሉ፣ ራሳቸውን ወግ ጠባቂ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እንገራዋለን አሉ። ከግራው በላይ የሚያስፈራ የለም ብለው ስላመኑ፣ በዚያው ወንበር በኩል የመጣውን ሁሉ ወገን መሰላቸው። እነሱንም ያሳወራቸው ያው መስመር ነው፤ ሰውየው የሚያፈርሰውን ትተው የተቀመጠበትን ጎን አዩ።

(ድምፅ፦ ጸናጽል፣ መቋሚያ፣ ከበሮ፤ በአንድ ወገን ዜማ ይነሳል፣ በሌላው ወገን ይመለሳል።)

ተራኪ፦ ይህ የኛ ግራና ቀኝ ነው። በማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ለአንዱ ቀኝ ጌታ፣ ለሌላው ግራ ጌታ አለው። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፣ ግራው ሲያነሳ ቀኙ ይመልሳል፤ ዜማው ግን አንድ ነው። በጦር ሜዳም ቀኛዝማችና ግራዝማች የአንድ ሠራዊት ሁለት ክንፍ አዝማቾች ነበሩ።

ሌላው ግራና ቀኝ ከውጭ ወደ አገራችን የገባው አብዮተኞቹ ተማሪዎች ባነበቧቸው መጻሕፍት ነው፤ ሲገባም ወንበርነቱን ትቶ መንገድ ሆኖ ነበር። ቃላቱን ስሟቸው። ፊት ፊት የሚሄደው ተራማጅ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው አድሃሪ፣ ያልወሰነው መሃል ሰፋሪ። አዳራሽ ውስጥ በቀኝ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ ቦታ አለው፤ ይናገራል፣ ይመልሳል። አንድ አቅጣጫ ብቻ ባለው መንገድ ላይ ግን ከዘገየ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ወይ ያስከትሉታል፣ ወይ ያስወግዱታል።

በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ፣ መኢሶን ከወታደራዊው መንግሥት ከደርግ ጋር የነበረውን ትብብር ትቶ ሲወጣ፣ ትናንት አብዮቱን ያስተምር የነበረው የማርክሲስት ድርጅት «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። ፓሪስ ላይ ጂሮንዳውያን የሄዱበት መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ሌላው የማርክሲስት ድርጅት ኢሕአፓም መኢሶንም አንድ ዓይነት መጽሐፍ እያነበቡ ተገዳድለዋል። ከሁለቱም ወገን የሞቱት የእናት ልጆች ናቸው፤ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ተብለው የተመረቁ።

በመንገዱ ላይ ዘግይቷል የተባለው ወገንስ ንጹሕ ነበር? አልነበረም። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ የጭሰኛው በደል የፈጠራ ታሪክ አልነበረም። የጭሰኛንና የባለርስትን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለርስት በሞላበት ፓርላማ ተንጠልጥሎ ሳይጸድቅ ቀረ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት በሙሉ ሲወርስ የሚጠገን ነገር አልቀረም። መጠገን ያልቻለ ጠባቂ አይባልም፤ ያንን ሕግ ያስቀሩት ሰዎች ወግ አጥባቂ መባላቸው ለእኔ ትልቁ የስም ስሕተት ነው።

(ድምፅ፦ የወፎች ዝማሬ፤ ነፋስ በዛፍ መካከል።)

ተራኪ፦ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ሀየክ እ.ኤ.አ. በ1960 ለምን ወግ አጥባቂ እንዳልሆነ ሲጽፍ፣ ወግ አጥባቂ ጉዞውን ያዘገያል እንጂ ሌላ አቅጣጫ ስለማያሳይ መጎተቱ አይቀርም አለ። መስመሩንም ትቶ በሦስት ማዕዘን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አራት ማዕዘን ሠርተዋል። ወቀሳው እውነት ነው፤ የሚጸናው ግን መንገዱን እስከተቀበልን ድረስ ብቻ ነው።

እኔ ሰው የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ትቻለሁ። ምን ተረከበ? ምን ጠገነበት? የማያውቀውን ሲነቅል ማን እጁን ሊይዘው ይችላል? ይህንን ነው የምጠይቀው። ወደ ደቡብ ጎንደር የሄደ ያውቃል፤ ዙሪያው የታረሰ፣ የተራቆተ መሬት ነው፤ በመካከሉ እንደ ደሴት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል፤ ደኑ መሃል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛፉን አትንካ፣ የቅጽሩ ነው ያሉት ቄሶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ የዓለም ተመራማሪ የአገሩን ዛፍ ዘር ፍለጋ ወደዚያ ይመጣል። እነዚያን ሽማግሌዎች በየትኛው ወንበር እናስቀምጣቸው?

(ድምፅ፦ ነፋሱ ይቀንሳል። የልጆች መዘምራን ከሩቅ ይሰማሉ።)

ተራኪ፦ የቬርሳዩ አዳራሽ ዛሬ የለም፤ ከአብዮቱ በኋላ ፈርሷል። ግራና ቀኝ የተባለበት ቦታ ባዶ ግቢ ነው። በቀሩት ሕንጻዎች ውስጥ ግን የጥንት ዜማ ማዕከል አለ። ልጆች እየመጡ ይማራሉ። የሚማሩት በነገሥታቱ ዘመን በቬርሳይ ቤተ ጸሎት ይዘመር የነበረውን ነው። መምህሩ እጁን ሲያነሳ አንዱ ወገን ይጀምራል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

(ድምፅ፦ የልጆቹ ዜማ ከፍ ይላል፤ ይቆያል።)