ዕዳው ያልተዘጋ ጽዋ፦ ማቴና እንግዳ ሰው በአርጀንቲና

በባዕድ አገር ያልለመዱትን ምግብ ወይም መጠጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መቋደስ ፈጥኖ እንደሚያቀራርብ ተጓዦች ደጋግመው ይናገራሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የጣዕሙን አዲስነት ወይም የጋባዡን ደግነት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ትኩረቱን በመስተንግዶው ሥርዓት ላይ ያደርጋል፤ መቀራረቡ በዋናነት የሚመነጨው ሥርዓቱ እንግዳውን ለጥቂት ጊዜ ባለዕዳ አድርጎ ከማቆየቱ ነው ብሎም ይከራከራል። ለማሳያነት የተመረጠው የአርጀንቲናው ማቴ ነው።

ማቴ የጓራኒ ሕዝቦች ከስፔኖች መምጣት በፊት ያውቁት የነበረ፣ ዛሬ በአርጀንቲና፣ በኡራጓይ፣ በፓራጓይና በደቡብ ብራዚል የሚዘወተር የቅጠል መጠጥ ነው። ስሙ የመጣው «ማቲ» ከሚለው የኬችዋ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ቅል ነው። ደርቆ የደቀቀው ቅጠል ከቅሉ ግማሽ በላይ ይሞላል፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ፣ ያልፈላ ውኃ ይጨመርበታል፤ ጫፉ ወንፊት ባለው ቦምቢሻ በተባለ የብረት መምጠጫም ይጠጣል። ለአዲስ ሰው መራራ ነው፤ ጌሾ ቀምሶ የሚያውቅ ግን ብዙም አይደነግጥም።

ሥርዓቱን የሚመራው ሴባዶር የሚባለው ቀጂ ነው። እጅግ መራራ የሆነውን የመጀመሪያውን ቅጂ ራሱ ይጠጣዋል። ከዚያ በዚያው ቅልና በዚያው ቦምቢሻ ለእያንዳንዱ በተራ ይቀዳል። ተቀባዩ እስከ መጨረሻው መጥጦ ባዶውን ቅል ለቀጂው ይመልሳል እንጂ ለጎረቤቱ አያሳልፍም፤ በቦምቢሻው ቅጠሉን ማማሰልም ነውር ነው። እንግዳውን ይበልጥ የሚያሰናክለው ግን ሌላ ደንብ ነው። ቅሉን ሲመልስ «ግራሲያስ» ማለትም «አመሰግናለሁ» ካለ፣ በቃኝ ማለቱ ነውና በሚቀጥለው ዙር ይታለፋል። ከስፔንኛ ሦስት ቃላት ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ አንዷን በትሕትና በመናገሩ ከተራው ይወጣል።

ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው የስጦታ ድርሰቱ መስጠትን፣ መቀበልንና መመለስን ተያያዥ ግዴታዎች አድርጎ አቅርቧል። ከዚህ ከተነሣን ምስጋና ራሱ መጠነኛ ብድር መመለሻ ነው፤ ሒሳቡን ይዘጋል። የማቴ ሥርዓት ምስጋናን እስከ መጨረሻው በማዘግየት ሒሳቡን ክፍት ያቆየዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው ብድሩን ራሱ እንደማይዘጋውና ከፋዩ ሌላ እንደሆነ ይናገራል። በቡናችንም ከአቦል በኋላ ተነሥቶ መሄድ ያስወቅሳል። ልዩነቱ የእኛ ዙር በአቦል፣ በቶናና በበረካ የተቆጠረ ሲሆን የማቴው ማብቂያ በጠጪው አንደበት መሆኑ ላይ ነው።

ጌዎርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ በጻፈው ላይ አንዱ የበላውን ሌላው ሊበላው እንደማይችል፣ መብላትም በዚህ ረገድ የግል ድርጊት እንደሆነ ያስገነዝባል። ማቴ ይህን በከፊል ይፈታተናል፤ አንዱ የጠጣበት ቅጠል ሳይለወጥ ለሌላው ያገለግላልና። ኬትሊን ዉሊና አየሌት ፊሽባክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት ተመሳሳይ ነገር የበሉ የማይተዋወቁ ሰዎች የተለያየ ከበሉት ይልቅ እርስ በርስ መተማመናቸውን አሳይተዋል። ውጤቱ ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና በእኔ አስተያየት ተመሳሳይነት ብቻውን የማቴን ጉዳይ አያስረዳም። እንግዳውና ጋባዡ አንድ ነገር ቢጠጡም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው መቼ እንደሚቀበልና መቼ ዝም እንደሚል ከእርሱ ይማራል። በአገሩ የተከበረ ባለሙያ እንኳ እዚህ ተማሪ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአርጀንቲና የጤና ባለሥልጣናት ማቴን በጋራ መጠጣት እንዲቀር መከሩ፤ ብዙዎችም የየራሳቸውን ቅልና ቦምቢሻ ይዘው መቀመጥ ጀመሩ። ቅጠሉ፣ ውኃውና ምሬቱ ያው ነበር፤ የጎደለው የቀጂው እጅና ተራው ነው። ጣዕሙ ባለበት ቆይቶ ሥርዓቱ ብቻ የተነሣበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በዚያ ወቅት ወደ አገሪቱ የገቡ የውጭ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ከእነርሱ በፊት ከመጡት ጋር አነጻጽሮ መጠየቅ፣ እዚህ የቀረበውን መከራከሪያ በመስክ ለመፈተን ያስችላል።