ቀለበት ለማሠራት

የአብርሃም ሎሌ ለጌታው ልጅ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሔዶ ርብቃን ከውኃው ጕድጓድ አጠገብ ባገኛት ጊዜ ምን ጌጥ እንደ ሰጣት በኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ጸሓፊው ወርቅ ሰጣት ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ቀለበቱ ግማሽ ሰቅል፣ ሁለቱ አምባሮች ዐሥር ሰቅል እንደሚመዝኑ ጭምር ነግሮናል። ይህን ምዕራፍ ከዲቁናዬ ዘመን ጀምሮ ሳነበው ስኖር ስለ ሚዛኑ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ያሰብሁት ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ የእኅቴ ልጅ የቃል ኪዳን ቀለበት ለማሠራት አስከትሎኝ ከአንድ አንጥረኛ ቤት በገባን ጊዜ ነው።

ልጁ በመጀመሪያ ወደ እኔ የመጣው በስልኩ ሥዕል ይዞ ነበር። ሥዕሉ ከውጭ አገር የመጣ፣ ከጣት በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነጭ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ነው። «አጎቴ፣ ዕቁቡን በመጀመሪያው ዙር ካወጣሁ ይበቃኛል» አለኝ። የመጀመሪያውን ዙር ያወጣ ሰው የቀረውን ዙር ሁሉ ሲከፍል እንደሚኖር ለእርሱ መንገር የእኔ ፈንታ ነበር፤ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ የመለሰችው እጮኛው ናት። ልጅቱ ነርስ ናት። ሥዕሉን አይታ፣ «ጓንት ባጠለቅሁ ቍጥር ላወልቀው ነውን? እንዲህ ያለ ፈርጥ ጓንት ይቀዳል፤ የወለቀ ቀለበት ደግሞ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም» አለችው። እንግዲያስ ልሙጥ ይሁን ተባለ። በተክሊል ሥርዓት ካህኑ በጸሎት የሚባርከው ቀለበቱን ነው እንጂ ፈርጥ ይኑረው የሚል የለም።

ከዚህ በኋላ ነው ታላቅ እኅቴ ከሣጥኗ የእናታችንን የወርቅ ጉትቻ ያወጣችው። «ይህ ይቅለጥና ለልጆቹ ቀለበት ይሁን» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደድሁትም። ከእናታችን በእጃችን የቀረ ጌጥ እርሱ ብቻ ነውና ቀልጦ መልኩ ከጠፋ በኋላ ምን እናሳያለን ብዬ ተከራከርሁ። እኅቴ ግን፣ «ሠላሳ ዓመት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ማን አየው?» አለችኝ፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

የወርቅ ቤት ሰፈር ስንል ለብዙ ዘመን ፒያሳ ማለታችን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌው ፒያሳ ብዙው ክፍል ስለ ፈረሰ፣ አባቶቻችን ያሠሩበትን ቤት እንፈልግ ያልን እንደ ሆነ መጀመሪያ ሥፍራውን መጠየቅ ሊያስፈልገን ይችላል። እኛ የሔድንበት አንጥረኛ ሥራውን ከአባታቸው የወረሱ ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ ሙያ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም። በኦሪት ዘጸአት በ31ኛው ምዕራፍ ባስልኤል ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ የከበረ ድንጋይም እንዲቀርጽ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ይነበባል። በአገራችን ግን ብረት ቀጥቃጩንም ወርቅ አንጣሪውንም ስንንቅና ቡዳ እያልን ስንሰድብ ኖረን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ። ቀለበቱን በክብር አጥልቆ ያነጠረውን ሰው መናቅ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ሽማግሌው ጉትቻውን ተቀብለው ወዲያው ከሚዛን ላይ አኖሩትና፣ «መምህር፣ ቍጥሩን እርስዎ ያንብቡት» አሉኝ። እኔ፣ «እርስዎን አምነን መጥተን ሚዛን ምን ያደርጋል?» ብዬ በይሉኝታ ዐይኔን መለስሁ። «አይሆንም፤ ያንብቡት» አሉ። 6 ግራም ነበረ። የርብቃ ጌጥ ትዝ ያለኝ ይህን ጊዜ ነው።

ከዚያም በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ጉትቻውን ፈተግ አደረጉ። የፈተጉትም ከተበየደው ሥፍራ ርቀው ነው፤ የብየዳ ወርቅ ቶሎ እንዲቀልጥ ሌላ ማዕድን ስለሚበዛበት ከአካሉ ያነሰ ነውና። ከጉትቻው መስመር ጎን ካራታቸው የታወቀ የወርቅ መርፌዎችን መስመር አሠመሩና በሁሉም ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። ወርቁ ያነሰበት መስመር ፈጥኖ ይደበዝዛል። አንጥረኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «14 ካራት ያህል ነው» አሉ።

እናታችን ይህን ጉትቻ ንጹሕ ወርቅ ነው ስትለን ነበር። የገዛችበትንም ጊዜ፣ ስንት ወራት ገንዘብ እንዳጠራቀመችም ትነግረን ነበር። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ 14 ካራት ማለት ከ24 እጅ 14ቱ ብቻ ወርቅ፣ የቀረው መዳብና ብር ማለት ነው። የሸጠላት ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ዛሬ የሚጠየቅም የለም። እርሷም እንደ እኔ ሚዛኑንና መፈተኛውን ለመጠየቅ አፍራ ይሆናል። እኅቴ ፊቷን ወደ ደጁ አዞረች።

ልጁ የእናቱን ፊት አይቶ፣ «ይቅር፣ ጉትቻውን አንንካው» አለ። እጮኛው ግን አንጥረኛውን፣ «አባባ፣ ንጹሕ ወርቅ ቢጨመርበት ከፍ ይል የለምን?» ብላ ጠየቀች። እኔም የሒሳብ መምህር እንደ መሆኔ ወረቀት አወጣሁ። 6 ግራም በ14 ሲባዛ 84 ነው፤ 4 ግራም ንጹሕ ወርቅ በ24 ሲባዛ 96 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 180 ይሆናል። ይህ ለ10 ግራም ሲካፈል 18 ካራት ይወጣል። ለሁለት ቀለበት የሚበቃ ነው። ልጁ መግዛት ያለበት 4 ግራም ብቻ ስለ ሆነ የዕቁቡ ነገር ቀረ። 18 ካራት ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ ሆኖ ለሚሠራ እጅ ከንጹሑ ይልቅ ይጠነክራል፤ ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነውና ቶሎ ይጫጫራል፣ ይጣመማልም።

አንጥረኛው የተቀበሉትን ወርቅ ክብደትና ካራት፣ የእጃቸውን ዋጋ ከወርቁ ለይተው፣ በሞረድና በእሳት ሊጎድል የሚችለውንም ጭምር ጽፈው ፈረሙልን። የአሮጌው ጉትቻ ብየዳ ከቀረው ጋራ ቀልጦ ካራቱን እንዳያወርደው አስቀድመው ቈርጠው ለዩት፤ እርሱ ከግራም ዐሥረኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ነበረ። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ቦራክስ ነስንሰው አቀለጡት፤ ከዚያ በኋላ የሆነው መዶሻና እሳት እየተፈራረቁ ነው፤ ወርቅ ሲቀጠቀጥ ይደነድናልና በየመካከሉ ካላጋሉት ይሰነጠቃል።

ጣት መለካት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የማለዳ ጣትና የማታ ጣት አንድ አይደለም። በብርድ ይኮማተራል፣ በሙቀትና በሥራ ያብጣል፤ ሴት ስታረግዝም እንዲሁ። ስለዚህ በክር አንድ ጊዜ ከመለካት ይልቅ በመለኪያ ቀለበቶች ከቀትር በኋላ መለካት ይሻላል፤ አንጓውንም ማለፉን ማየት ያሻል። ልሙጥ ቀለበት ኋላ ሊሰፋ ይችላል፤ ዙሪያውን ሁሉ ፈርጥ የተደረደረበት ግን አስቸጋሪ ነው።

በዚሁ ቤት ሳለን አንዲት ወይዘሮ የወሎ ኦፓል በቀለበት ይደረግልኝ ብለው መጡ። ይህ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወገል ጤና አካባቢ ተገኝቶ በዓለም የታወቀው ድንጋይ በእውነቱ ውብ ነው። ሽማግሌው ግን በአንገት ሐብል እንዲያደርጉት መከሯቸው። ብዙው የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ሊጠፋ፣ ሲደርቅ ሊመለስ ይችላል። ዘይትና ቅቤ ከገባበት ግን ማውጣት ችግር ነው፤ ሊጥ የሚያቦካና ወጥ የሚሠራ እጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አይርቅም።

የጽሑፉ ነገር ለእኔ ተሰጠ። በቀለበቶቹ ውስጥ የክርስትና ስማቸው እንዲቀረጽ ፈለጉ። እኔ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ፤ ይህን ያደረግሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የባለቤቴ የክርስትና ስም በ«ሥላሴ» የሚያልቅ ነው። በሠርጋችን ጊዜ ስሙን ለአንድ ቀራጭ በቃል ነግሬው በንጉሡ «ሠ» ፈንታ በእሳቱ «ሰ» ቀረጸው። አፍሬ ሳልናገር ተቀበልሁት፤ ባለቤቴ የተማሪዎች ደብተር ሳርም ባየችኝ ቍጥር እጇን ዘርግታ ቀለበቱን ታሳየኛለች።

ሥራው በኅዳር መጨረሻ አለቀ። በጥቅምት መሔዳችን መልካም ሆነ፤ ከገና ጾም በኋላ የጥር ሠርግ ስለሚከተል በታኅሣሥ አንጥረኞች ፋታ የላቸውም። በዚህ ጊዜ ሳልጠየቅ ሚዛኑን አነበብሁ። የልጁ ቀለበት 5 ግራም ከ2 ዐሥረኛ፣ የልጅቱ 3 ግራም ከ9 ዐሥረኛ ነው። ሽማግሌው የተረፈውን 7 ዐሥረኛ ግራም በወረቀት ጠቅልለው መለሱልን፤ በሞረድና በእሳት የጎደለው በጽሑፉ ከተባለው ያነሰ ነበር።

ጥቅሉን እኅቴ ተቀብላ ከሣጥኗ አኑራዋለች፤ ለሚወለደው ልጅ ጉትቻ ይጨመርበታል ትላለች። የእናታችን ወርቅ ንጹሕ እንደ ነበረ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ እኔም አልተከራከርኋትም።